አያቴ የቋጠሩት ድልድይ

ልጅ ሳለሁ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ የሚወርደው የገጠር መንገድ መኪና አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው አህያ፣ በቅሎ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና የገበያ ቀን አቧራ ነበር። ለረጅም ዘመን በእግርና በሰኮና ተረግጦ ወደ ታች ስለሰመጠ፣ በግራና በቀኙ ያለው አፈር ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል፤ በውስጡ የሚሄድ ሰው ከሩቅ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ጣሊያን ከገባ በኋላ በዚህ መንገድ ላይ፣ ከቤታችን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት የባቡር ድልድይ ተሠራች። ዛሬ እሷን የሚያስታውስ ሰው ባገኝ ቁጭ ብዬ ባወራሁት ነበር። ስለማላገኝ ልጻፈው ብያለሁ።

ባቡር ስል የለገሃሩን እንዳታስቡ። የኛዋ ድንጋይ ብቻ የምትጭን፣ ከበቅሎ እምብዛም የማትረዝም፣ እያሳለች ጭስ የምትተፋ ነገር ነበረች። ከኮረብታው ሥር ድንጋይ ይፈለጣል፤ ከወዲያ ማዶ ጣሊያኖቹ ትልቁን መንገድ ይሠራሉ፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ያ የሰመጠው የኛ መንገድ ነው። ስለዚህ በወዲህና በወዲያ የድንጋይ ካብ አቆሙ፣ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አጋደሙ፣ በብረቶቹ መካከል ሳንቃ ደረደሩ። ባቡሯ በብረቱ ላይ ትሄዳለች፣ ሠራተኞቹና ወታደሮቹ በሳንቃው ላይ ይረማመዳሉ፣ እኛ ደግሞ በሥሩ እናልፋለን። ባቡሯ ከላይ ስታልፍ አፈር አናታችን ላይ ይራገፋል፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቀና ብለው ይራገማሉ፣ እኛ ልጆች ደግሞ እንዲራገፍብን ብለን ቆመን እንጠብቃለን።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ገመድ ሠሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ የከተሙ፣ ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ እየገመዱ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ባለ ቃጫው» ይላቸዋል፣ እኛ ልጆች «አባባ» እንላቸዋለን። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ቁጣቸው ፈጥኖ የሚመጣና ፈጥኖ የሚሄድ ነበር። የረጠበ ቃጫ ሽታ ከልብሳቸው አይለቅም ነበርና ከኋላዬ ሲመጡ ዞር ሳልል አውቃቸዋለሁ።

እናቴ ግን የመንዝ ልጅ ነበረች። ያኔ አባቴ ቃጫ ሊገዛ ወደ አገር ቤት እንደወረደ መንገዱ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቶ ነበር፤ ደህና መሆኑን የሚነግረን መንገደኛ አልፎ አልፎ ይመጣል እንጂ እሱ አይመጣም። እናቴ በክረምቱ ታናሽ ወንድሜን ከወለደች ወዲህ ደግሞ እግሯ አልታዘዝ አላት። ሰው ደግፎ እስከ ደጃፍ ያወጣታል፣ ከዚያ ወዲያ አይሆንላትም። ቀኑንም ምሽቱንም የምታሳልፈው ከመጋረጃው ጀርባ ካለው መደብ ላይ ነበር።

አያቴ ካገራቸው ይዘውት የመጡት አንድ ወግ አለ፤ ምራት ከባሏ አባት ጋር ፊት ለፊት አትነጋገርም። ስማቸውን አትጠራም፣ ዓይናቸውን አታይም፤ እሳቸውም «እንደምን አደርሽ» ሊሏት ቢፈልጉ ለኔ ነው የሚሉት። «ጥሩዬ፣ እናትሽ እንዴት አደረች?» ይሉኛል፣ እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ እጅ ቢዘረጋ የሚደርስባት ቦታ ሆና እየሰማች። «ደህና አድሬያለሁ በያቸው» ትለኛለች፣ እሳቸው እየሰሙ። እኔም የአንዱን ቃል ለሌላው ደግሜ እናገራለሁ። አንዳንዴ ሲሰለቸኝ «ሰምታለች» እላለሁ፤ ያኔ ሁለቱም ይቆጡኛል። እናቴን መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ያስቃት ነበር አሉ፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ከሳቸው ይልቅ ለወጉ የምትጠነቀቀው እሷ ነበረች።

ከመሸ መውጣት ክልክል ነበር። ከሰዓት እላፊ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ በአንድ አጥር ውስጥ የምንኖር ልጆች ፀሐይ ስትጠልቅ እኛ ቤት እንሰበሰባለን። የባሕር ዛፍ ግንድ ምድጃው ውስጥ እየተንጣጣ ይነዳል፤ ጭሱ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ ግን ማንም ከቦታው አይነሳም። ጋዝ ስለማይገኝ ኩራዙ የሚበራው እናቴ ወንድሜን ስትጠቀልል ብቻ ነበር፤ ያኔ ጥላዋ መጋረጃው ላይ ይወጣና ተመልሶ ይጠፋል። የቀረው ብርሃን ከፍሙ የሚመጣ ነው። አያቴ እጃቸው ሥራ አይፈታም፤ ቃጫውን ጭናቸው ላይ እየገመዱ ተረት ይጀምራሉ።

አጀማመራቸው እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ጨለማውን ዙሪያውን ቃኘት አድርገው «አለን?» ይላሉ። እኛም አንድ ላይ «አለን» እንላለን። መልሱ ካልጣማቸው ደግመው ይጠይቃሉ፤ ማን እንደጎደለ፣ ማን እንዳንቀላፋ የሚያውቁት በድምፃችን ነበር። ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ በማይመለስበት በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ለሳቸው ምን ማለት እንደነበረ ያኔ አልገባኝም። ከመጋረጃው ጀርባ መልስ አይመጣም፤ ወጉ አይፈቅድማ።

በአጥራችን ውስጥ ጋሽ ለማ የሚባል ተከራይ ነበረን። ጣሊያንኛ ስለሚያውቅ ከድንጋይ ፈላጮቹ አለቃ፣ ከካፖው ጋር እየዞረ ያስተረጉማል። የጣሊያን እንጀራ የሚበላ ሰው ነውና ሰፈሩ ይፈራዋል፤ እሱ ብቅ ሲል ወሬው ወደ ዝናብና ወደ እህል ይዞራል። ክፉ ሲሠራ ያየው የለም፤ ደግ ሲሠራም ያየው የለም። ማታ ማታ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው እኛ ቤት ይመጣና በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሲጋራውን እያጨሰ፣ ከልጆቹ ጋር ተረት ይሰማል። መምጣቱን ያልወደደች አንዲት ጎረቤት ብታማርር አያቴ «ብርዱ እሱንም ይበርደዋል» ብለው ዝም አሰኟት።

ድልድይዋ ስትሠራ ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ በዓይናችን አይተናል። ማታ ግን አያቴ ታሪኳን ሲነግሩን ከጥንት ጀምሮ እዚያ የነበረች ያደርጓታል። የሠሯት አያ ጅቦ ናቸው። ለምን ቢባል፣ አያ ጅቦ እግራቸው ስለሚያነክስ ያፍሩ ነበርና፣ አራዊቱ ሁሉ በሳቸው ሥር እያጎነበሰ ሲያልፍ ማነከሳቸውን የሚያይ እንዳይኖር ፈለጉ።

«አባባ፣ ትናንት እኮ ድንጋዩን ሲክቡት አይተናል» እንላቸዋለን።

«እናንተ ያያችሁት ሲያድሷት ነው» ይሉናል፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሳይታይ።

እኛም አመንን። በማግስቱ ወርደን የጣሊያኑን አዲስ ካብ «አሮጌ ነው» እያልን በጣታችን እንነካካው ነበር።

ሳንቃዎቹ የሚመቱበት ምስማር ከባሕር ማዶ ዘግይቶ ስለነበር፣ ካፖው ለጊዜው በገመድ ይታሰሩ አለና ሥራው ለአያቴ መጣ። ጋሽ ለማ ነው መጥቶ የነገራቸው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ሄደው አሰሩ። አንድ ረጅም ወፍራም ገመድ ከዳር እስከ ዳር በየሳንቃው እያዞሩ ቋጥረው ሲጨርሱ፣ ካፖው ላዩ ላይ ዘሎ ሞከረውና «ብራቮ» አለ። አያቴ ማታ ይህንንም ተረት አደረጉት፤ የአያ ጅቦን ድልድይ ያሰረችው አንዲት አሮጊት ጦጣ ሆነች፣ የጦጣዋም ጉንጭ እንደ አያቴ የገባ ነበር።

ከገና በኋላ መምሬ ተክሌ፣ የደብራችን ቄስ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ቤታችን መጡ። የከተራ ዕለት ታቦቱ ከኮረብታው ወርዶ፣ በዚያ በሰመጠ መንገድ አልፎ፣ ከቤታችን በታች ካለው የወንዝ ዳር መስክ ያድራል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። አሁን ግን በመንገዱ ላይ ድልድይዋ አለች።

«ካፖው ለበዓሉ ባቡሯን ያቆማል» አሉ አያቴ። «ሠራተኛው እንደማይመጣለት ያውቃል።»

«ባቡሯ ብትቆምስ? ሳንቃው የወታደር እግር የሚረግጠው ነው» አሉ መምሬ ተክሌ። «እግር በሚሄድበት ሥር ታቦት አላሳልፍም። ከታቦቱ በላይ ሰማይ ነው መሆን ያለበት።»

«በሌላ በኩልስ?»

«በየት በኩል? በግራ ወታደሮቹ ሽቦ አጥረዋል፣ በቀኝ ገደል ነው። ዘንድሮ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ውኃ በገንዳ አድርገን እንባርካለን። እግዚአብሔር ያያል።»

ከመጋረጃው ጀርባ የወንድሜ ማልቀስ ተሰማ፣ እናቴ ግን አላባበለችውም። ምን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ወንድሜ ሆዷ ውስጥ ሳለ ምጡ ሲጠናባት፣ ልጁ በሰላም ከተወለደ የሰርግ ካባዋን ለታቦቱ በእጇ ልትሰጥ ተስላ ነበር። የስለት ነገር ቀልድ አይደለም። ኮረብታውን መውጣት አትችልም፤ በሰው ትከሻ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መሄድ ደግሞ ያን ዳገትና ሽቦ አልፎ የሚታሰብ አልነበረም። የቀራት ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ ደጃፍ ወጥታ መቀበል ብቻ ነበር። ካባውን ከሣጥን አስወጥታ፣ ብል የበላውን ዳር ስትጠቅም ሰንብታለች።

መምሬ ተክሌ ከሄዱ በኋላ «ጥሩዬ» አለችኝ። «ካባውን ወደ ሣጥኑ መልሺው።»

አያቴ ሰምተዋል። «አትመልሽው በያት» ማለት ይችሉ ነበር፤ ግን ምንም አላሉም። ቃጫቸውን አንስተው ወደ ውጭ ወጡ፤ እኔም ካባውን መለስኩት። በጣም ተናደድኩባቸው። ለሁሉም ነገር መላ የማያጡ ሰው ለእናቴ አንድ ቃል አጡ ብዬ ማታ ተረት ላለመስማት ወስኜ ነበር፤ ብርዱ ነው ወደ እሳቱ ያስጠጋኝ።

ያን ማታ ጋሽ ለማ ቀድሞ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አያቴ «አለን?» አሉ፣ «አለን» አልን፣ ተረቱን ጀመሩ። ድምፃቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለብዙ ዘመን ዝናብ ስለነበረ ይመስለኝ ነበር፣ ግን ጥር ላይ ምን ዝናብ አለ።

ጨረቃ በዓመት አንዴ ከኮረብታው ወርዳ ከወንዙ ትጠጣ ነበር አሉ። አያ ጅቦ ድልድያቸውን ከሠሩ በኋላ ግን «በማንም እግር ሥር አላልፍም» ብላ ቀረች። ከድልድዩ በታች እግሯ የታመመ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ጨረቃን ልታይ ኮረብታ መውጣት ስለማትችል፣ ጨረቃ በደጇ የምታልፍበትን ቀን ነበር የምትጠብቀው። ሚዳቋዋ አዘነች፣ ጌጧንም መልሳ ሣጥን ከተተች።

«ሚዳቋ ሣጥን አላት?» አለ አንዱ ልጅ።

«የዚያን ጊዜዋ ነበራት» አሉ አያቴ። «ዝም ብለህ ስማ።»

አሮጊቷ ጦጣ ግን ድልድዩን ስታስር የቋጠረችው ቋጠሮ እንደ ሌላው ቋጠሮ አልነበረም። ከፀሐይ መውጫ በኩል ቢስቡት ይጠብቃል። ከፀሐይ መግቢያ በኩል ያለውን ጫፍ አንዴ ቢስቡት ግን ገመዱ ተተርትሮ ይወጣል፣ ሳንቃው ሁሉ ይላቀቃል፣ ሰማይ ይከፈታል። ጨረቃ ካለፈች በኋላ መልሶ መቋጠር ነው፤ አያ ጅቦ ቢመጡ የሚያውቁት ነገር የለም።

«ታዲያ ጦጣዋ ለምን ሄዳ አትስበውም?» አልኩ፤ ኩርፊያዬን ረስቼ።

«ድልድዩ ላይ ጠባቂ አለ። አያ ጅቦ የሄዱ ቀን የሚጠብቀው ቀበሮ ነው። ቀበሮው ከአያ ጅቦ ጋር ይበላል። ጦጣዋ ስትስብ ቢያያትና ቢናገር አንገቷን ነው።»

«ቀበሮውስ ምን አለ?»

አያቴ ቃጫውን መግመዳቸውን አላቆሙም፣ ቀናም አላሉም። «የቀበሮውን ገና አላውቀውም» አሉ። «ሲደርስ እንሰማዋለን።»

ተረቱ መሃል ላይ ሲቋረጥብን እንጮህ ነበር፣ ያን ማታ ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር ተሰምቶን መሰለኝ ዝም አልን። ጋሽ ለማ ሲጋራው ጣቱ መካከል ጠፍቷል፤ አልለኮሰውም። ቆይቶ ተነሳ፣ «ደህና እደሩ አባባ» አለ፣ ወጣ። የባቡር ሀዲድ ወይም ድልድይ የነካ ሰው እንደሚሰቀል በጥሩምባ የተነገረ ነገር ነው፤ ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ። አያቴ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው እንዳደሩ የማውቀው ጠዋት ስነሳ ከአጠገባቸው የተገመደው ገመድ ስለበዛ ነው።

እናቴ ጠዋት ጠራችኝ። የምትለኝ ነገር ስለ ወንድሜ ወይም ስለ ውኃ መስሎኝ ነበር።

«አባባን ጠይቂልኝ» አለች በሹክሹክታ። «ቀበሮው ምን ያለ ይመስላቸዋል?»

ሄጄ ጠየቅኳቸው። አያቴ ጢማቸውን አሹ። «ዝም ያለ ቀበሮ ነው በያት» አሉኝ። «ክፉም ደግም ሊሆን ይችላል።» መልሱን ስነግራት እናቴ አንገቷን ነቀነቀችና ካባውን ከሣጥኑ አምጪ አለችኝ። እኔ ግራ ገባኝ። ያኔ እነሱ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ የሚያወሩ ነበር የሚመስለኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ተረት እንዲህ ከልባቸው ሲከታተሉ ማየቴም አስደሰተኝ።

የከተራ ዕለት እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፍ አውጡኝ አለች። ጎረቤቶቹ «ታቦቱ አይወርድም እኮ ተባለ» ቢሏት «ፀሐይ ልሙቅ» አለች። ነጭ ለብሳ፣ ወንድሜን ታቅፋ፣ ካባውን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አያቴ ደግሞ ከደጃችን ጀምሮ ወደ ላይ ቄጠማ እየጎዘጎዙ ወጡ፤ ለማይመጣ ታቦት ቄጠማ ሲጎዘጉዙ ያያቸው ሁሉ አረጁ አለ። መምሬ ተክሌን ማለዳ ሄደው ምን እንዳሏቸው አላውቅም። ብቻ ከሰዓት በኋላ ከበሮው ከኮረብታው ሲወርድ ተሰማ።

«ሮጠሽ ሂጂና እይልኝ» አለችኝ እናቴ።

በአፈሩ ዳር ወጥቼ ድልድይዋ አጠገብ ስደርስ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። ጃንጥላዎቹ፣ ጽናጽሉ፣ የዲያቆናቱ ቃጭል፣ ሁሉም ከድልድይዋ መለስ ብሎ ቆመ፤ ከበሮውም ዝም አለ። ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ አንድ እርምጃ ወደፊት አላሉም። ድልድይዋ ላይ ጋሽ ለማ ብቻውን ቆሟል፤ ካፖው ወደ ከተማ ሲሄድ ጠባቂ አድርጎ የተወው እሱን ነው። አያቴ በታች በኩል ቄጠማው ላይ ቆመው ወደ ላይ ያዩታል። ጋሽ ለማ ደግሞ ወደ ታቦቱ ያያል፣ ወደ ወታደሮቹ ሰፈር ያያል። ያን ያህል ሰው ቆሞ ወንዙ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከዚያ ጋሽ ለማ ባርኔጣውን አውልቆ ካቡ ላይ አስቀመጠ። ጫማውንም አወለቀ። በፀሐይ መግቢያ በኩል ወዳለው ጫፍ ሄዶ ተንበረከከ፣ ገመዱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ሳበ።

ገመዱ ከሳንቃ ሳንቃ እየዘለለ፣ እየፈጠነ፣ ተተርትሮ ወጣ። ወጣቶቹ በአፈሩ ዳር ሮጠው ወጥተው ሳንቃዎቹን እየጎተቱ ከዳር ከመሩ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ሰማይ ታየ፤ የጥር ሰማይ፣ አንዳች ደመና የሌለው። መምሬ ተክሌ ቀና ብለው አዩ፣ መስቀላቸውን አነሱ፣ ከበሮው ተመታ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት አልቆየሁም፤ እናቴን ቀድሜ ልነግራት ቁልቁል እየወደቅኩ እየተነሳሁ ሮጥኩ። «ቀበሮው ሳበው፣ ቀበሮው ሳበው» እያልኩ ነበር የምሮጠው፤ ተረቱ ምን እንደነበረ የገባኝ በመንገድ ላይ ነው።

ታቦቱ ደጃችን ሲደርስ ቆመ። እናቴ ካባውን በሁለት እጇ ለመምሬ ተክሌ ሰጠች፤ ወንድሜን በመስቀል ባረኩት፣ እሱም አስነጠሰ። እልልታዋን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። እግሯ አልዳነም፣ ተአምርም አልሆነ፤ ቀስ በቀስ በሚቀጥለው ክረምት ነው በምርኩዝ መሄድ የጀመረችው። ያን ዕለት ግን ስለቷን አስገባች። አያቴ ከአጥሩ ወዲያ፣ እንደ ወጉ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

በማግስቱ ታቦቱ በዚያው ተመልሶ ከወጣ በኋላ አያቴና ጋሽ ለማ ሳንቃዎቹን መልሰው አሰሩ። ወታደሮቹ ለበዓሉ ከሰፈራቸው አልወጡም ነበር፤ ካፖውም ተመልሶ ባቡሯ ስታልፍ ያወቀው ነገር የለም። ምስማሩ ቆይቶ ሲመጣ ለሌላ ሥራ ዋለ፤ የአያቴ ቋጠሮ ጠንካራ ነው ተብሎ ተተወ። እንዲያ በየከተራው እየተፈታችና እየታሰረች ጣሊያን እስኪወጣ ቆየች። ከዚያ ብረቶቹን አንዳንዱ ለቤት ወራጅ ወሰደው፣ ሳንቃዎቹ የሰፈሩ በር ሆኑ፤ የኛም በር ከዚያ ነው። አባቴ ሲመለስ መጀመሪያ ያንኳኳው ያን በር ነበር። ጋሽ ለማ ወፍጮ ቤት ከፍቶ ሸመገለ፤ ልጆቻችን «አባባ» አሉት። የካቡ አንዱ ወገን ዛሬም አለ፣ የመኖሪያ ቤት አጥር ሆኗል፤ ወደ ቤቴል የሚሄደው ታክሲ በዚያ ሲያልፍ በመስኮት ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

ካደግሁ በኋላ አያቴን ጠይቄያቸዋለሁ። ሚዳቋዋ እናቴ ነበረች፣ ቀበሮው ጋሽ ለማ፤ ፊት ለፊት ያልነገሯቸው ለምንድን ነው? «እናትሽን እንዳላናግር ወጉ አለ» አሉኝ። «እሱን ደግሞ ፊት ለፊት ብጠይቀው ኖሮ ወይ እሺ ማለት ነበረበት ወይ ሄዶ መናገር። ተረት ከሆነ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ይችላል።» ቋጠሮውንም ጠየቅኳቸው፤ ገና ሲያስሩት ታቦቱን አስበው ነበር ወይ? ሳቁብኝ። አገራቸው ጎጆ ሲሠራ ሰው የሚቆምበት መወጣጫ እንጨት የሚታሰረው በዚያ ቋጠሮ ነው አሉ፤ ቤቱ ሲያልቅ አንዴ ተስቦ ይፈታል። «የማይቆይ ነገር ስለመሰለኝ ነው እንደዚያ ያሰርኩት» አሉኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር አለፍኩ። የከተራ ዕለት ማታ እንደ ወትሮው ተሰብስበን ነበር። ጋሽ ለማ በሩ አጠገብ ሳይሆን ከምድጃው ዳር ተቀምጧል፤ ማን እንዳስጠጋው አላየሁም። ፍሙ ቀይ ነው፤ ኩራዙ ጠፍቷል። አያቴ ጨለማውን ቃኘት አድርገው «አለን?» አሉ። «አለን» አልን ልጆቹ። ጋሽ ለማም ጎርናና ድምፁን ጨመረ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣

«አለን» አለች እናቴ።

የአያቴ እጅ ቃጫው ላይ ቆመ። ወግ ተጥሷል፤ ሁላችንም አውቀነዋል፤ ቁጣ ጠበቅን። አያቴ ወደ መጋረጃው አልዞሩም፣ እኔንም «በያት» አላሉኝም። ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና «እንግዲያው ሞልተናል» ብለው ተረቱን ቀጠሉ።